ይቻላቸዋል፦ ከውጫሌ ውል እስከ ኤአይ ኤጀንት

ከግራና ወደ መርሳ፣ ከመርሳ ደግሞ በደሴው አስፋልት ወደ ደቡብ ብትሄዱ ውርጌሳን አልፋችሁ ውጫሌ ትደርሳላችሁ። የአካባቢው ሰው ለገበያም ለለቅሶም የሚመላለስበት መንገድ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ፣ ገና ዘውድ ያልጫኑት ምኒልክ ከኢጣሊያው መልእክተኛ ከፒዬትሮ አንቶኔሊ ጋር 20 አንቀጽ ያለው ውል ተዋዋሉ።

የዚያን ውል 17ኛ አንቀጽ ሁላችንም በአንድ መስመር ሸምድደነዋል። አማርኛው «ይቻላቸዋል» አለ፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው፣ ከዚያ ዓድዋ። ፈተና ላይ ይህን የጻፈ ነጥቡን ያገኛል፣ ያልፋል።

እኔ አንቀጹን የማነሳው ለሌላ ጉዳይ ነው። 17ኛው አንቀጽ ስለ ድንበር አያወራም። ስለ ንግድም አያወራም። የሚያወራው ስለ ውክልና ነው፤ ማን፣ በማን ስም፣ ለማን ይናገር? ይህ ጥያቄ ዛሬ ኤአይ ኤጀንት የሚሠሩ ሰዎችን እንቅልፍ የሚነሳ ጥያቄ ሆኗል።

ኤጀንት ስንል እንግዲህ ጥያቄ ጠይቃችሁት መልስ ጽፎ ዝም ከሚለው ቻትቦት አንድ እርምጃ ያለፈ ነገር ነው። ኢሜይላችሁን ይከፍታል፣ ፋይል ያነባል፣ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል፣ ሲፈቀድለት ክፍያም ይፈጽማል። እነዚህን ሥራዎች የሚሠራባቸው በሮች «ቱል» ይባላሉ። ለአንድ ኤጀንት ቱል መስጠት ማለት በእናንተ ስም ሄዶ እንዲሠራ መላክ ነው። የትኛውን በር ይክፈት? የትኛውን ያንብብ እንጂ አይንካ? የትኛውን ሳይጠይቅ አይለፍ? ይህን የሚወስነው ደንብ ነው ትልቁ ራስ ምታት። የሚገርመው እኛ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ በደም የተጻፈ ልምድ አለን።

ምኒልክ ያንን አንቀጽ ለምን ፈለጉት? ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ጥያቄ ይህ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር። አዲሱ ንጉሠ ነገሥት በአውሮፓ ኤምባሲ የላቸውም። ለንደን ወይም በርሊን ደብዳቤ ለማድረስ ወራት ይፈጃል። አንቶኔሊ ግን ሸዋ ቤተ መንግሥት ለዓመታት የኖረ፣ መሣሪያም ያመጣ የነበረ ሰው ነው፤ መንግሥቱ በየከተማው ቆንስላ አለው። «ስትፈልጉ በእኛ በኩል ተላላኩ» ሲባል መጥፎ ነገር አይመስልም፤ ጊዜ ይቆጥባል፣ ድካም ይቀንሳል። ዛሬ አንድ ወጣት ነጋዴ «ኢሜይሌን አንተ መልስልኝ» ብሎ ኤጀንት የሚያሰማራው በትክክል በዚሁ ምክንያት ነው። ውክልና ሁልጊዜ የሚጀምረው ከምቾት ነው፤ ሞኝነት አልነበረም።

አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ አጋዥነት መላላክ እንደሚቻላቸው ይናገራል። ጣልያንኛው ደግሞ፣ ልብ በሉ፣ እሱም ቃል በቃል «ግዴታ አለባቸው» አይልም፤ በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀምን «ተስማምተዋል» ነው የሚለው። የግዴታው ትርጉም የተጎተተው ከዚያች ቃል ውስጥ ነው። ተንኮል ነው ወይስ ስህተት የሚለውን ስቬን ሩበንሰንና ካርሎ ጂሊዮ የተባሉ ሁለት የታሪክ ሊቃውንት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ተከራክረውበታል፤ ክርክሩ ለእኔ እዚህ አያስፈልገኝም። የሚያስፈልገኝ ቀጥሎ የሆነው ነው።

የኢጣሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ጥቅምት 2 ቀን 1882 ዓ.ም. የበርሊኑን ጉባኤ ውል 34ኛ አንቀጽ ጠቅሶ ለአውሮፓ መንግሥታት ማስታወቂያ ላከ፤ ኢትዮጵያ ከእንግዲህ የውጭ ጉዳይዋን በእኛ በኩል ታካሂዳለች አለ። ምኒልክ ይህን አላወቁም። ጥቅምት 25 እንጦጦ ላይ ዘውድ ጫኑ፤ በታኅሣሥ ለእንግሊዝ፣ ለጀርመንና ለሌሎችም ነገሥታት ንግሥናቸውን የሚያስታውቅ ደብዳቤ በቀጥታ ላኩ። መልሱ ሲመጣ «ጉዳይዎ በኢጣሊያ በኩል ይምጣ» የሚል ሆኖ አገኙት። በቃ፣ ወካዩ ወኪሉ ምን እንዳደረገ ያወቀው ከሦስተኛ ወገን ነው።

ይህን በኤጀንት ቋንቋ ልንገራችሁ። የሥራ መዝገብ አልነበረም፤ ማለትም ወኪሉ በእናንተ ስም የተናገረውን ሁሉ እናንተ የምታዩበት ደብተር። ምኒልክ የሮማን የወጪ ደብዳቤ ደብተር የማየት ዕድል ቢኖራቸው ኖሮ ጥቅምት 2 ላይ ያውቁ ነበር። አሁን ኤጀንት ከሚያሰማሩት ድርጅቶች ስንቶቹ ኤጀንቱ ትናንት ማታ የትኛውን ቱል ስንት ጊዜ እንደጠራ መልሰው ማንበብ ይችላሉ? ደንበኛ ደውሎ እስኪጮህ የሚጠብቁት የእንጦጦውን መንገድ ነው የሚሄዱት።

ደግሞ ቋንቋው ራሱ አለ። «ይቻላል» የምትለው ቃላችን ሁለት ነገር በአንድ አፍ ትናገራለች፤ አቅም አለ ማለትም ፈቃድ አለ ማለትም ናት። «ይህን በር መክፈት ይቻላል?» ስትሉ ቁልፉ ይሠራል ወይ ነው ወይስ ይፈቀዳል ወይ? በዕለት ኑሮ ችግር የለውም፤ ሁኔታው ይነግረናል። መመሪያ ሲሆን ግን አደጋ ነው። «ኤጀንቱ የደንበኛውን ሂሳብ ማስተካከል ይችላል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ምን እንዳለ ራሱም አላወቀም። ይችላል፣ አዎ፣ ቱሉ ተሰጥቶታል፤ ግን መቼ፣ እስከ ስንት ብር፣ ማንን ጠይቆ? አሁን ጉዳዩ ለአገራችን የሶፍትዌር ልጆች የቅርብ ነው፤ ለባንክ፣ ለሆስፒታል ቀጠሮ፣ ለቴሌብር ክፍያ በአማርኛ የሚታዘዙ ኤጀንቶችን ለመሥራት የሚሞክር አይጠፋም። መመሪያውን የሚጽፉት በዚችው ቋንቋ ነው።

የውሉ 19ኛ አንቀጽ ደግሞ ሁለቱም ጽሑፎች እኩል ጉልበት አላቸው ይላል። ጥሩ ይመስላል፣ ፍትሐዊ ይመስላል። ግን ሁለት ጽሑፍ ሲጋጭ የትኛው ይበልጣል የሚል መልስ አልተሰጠም ማለት ነው፤ እና መልስ ካልተሰጠ በሩን የያዘው ወገን የራሱን ያነባል። በአውሮፓ በኩል በሩን የያዘችው ሮማ ነበረች። የምኒልክ አማርኛ ትክክል መሆኑ ለንደን ላይ ምንም አልረዳቸውም። ማስታወቂያውን ያልተቀበለች እንደ ሩሲያ ያለችም ነበረች፤ የቀሩት አብዛኞቹ ግን የክሪስፒን ወረቀት ይዘው ተቀመጡ።

እዚህ ላይ ነው እኔ ከብዙ የዘርፉ ጽሑፎች ጋር የማልስማማው። ብዙዎቹ «መመሪያውን ግልጽ አድርጋችሁ ጻፉ» ይላሉ። ግልጽ መጻፍ መልካም ነው፤ ግን በቃላት ብቻ የሚኖር ክልከላ ሁልጊዜ የሚነበበው በያዘው ሰው ዓይን ነው። በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. የሆነውን ተመልከቱ። ጄሰን ሌምኪን የተባለ አሜሪካዊ ባለሀብት ሬፕሊት በተባለው መድረክ ላይ ከኤጀንት ጋር ፕሮግራም ይሠራ ነበር። ምንም እንዳይነካ በትልልቅ ፊደል ጭምር ደጋግሞ አዞት እያለ ኤጀንቱ በሥራ ላይ ያለውን ዳታቤዝ ሰረዘው። የኩባንያው ኃላፊ በይፋ ይቅርታ ጠይቆ የሙከራውን ዳታቤዝ ከእውነተኛው እንደሚለዩ አስታወቀ። መፍትሔው የተሻለ ዓረፍተ ነገር አልነበረም ማለት ነው። ኤጀንቱ ቃሉን ቢረሳም፣ ቢያጣምምም፣ ሊደርስበት የማይችል ግድግዳ ነው የተሠራው። ሰርዝ የሚለው ቱል በእጁ እስካለ ድረስ «አትሰርዝ» ማለት ቁልፉን ሰጥቶ «እንዳትገባ» ማለት ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1975 እ.ኤ.አ. ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር እያንዳንዱ ፕሮግራም ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ፣ ከዚያ ያላለፈ ሥልጣን ይኑረው ብለው ጽፈዋል። በ1988 ደግሞ ኖርም ሃርዲ «ግራ የተጋባው ምክትል» ብሎ የሰየመውን ታሪክ አወጣ። አንድ ፕሮግራም ለኩባንያው የሂሳብ መዝገቦች ወደሚቀመጡበት ቦታ የመጻፍ ፈቃድ ነበረው። አንድ ተጠቃሚ «ውጤቴን በዚህ ስም አስቀምጥልኝ» ብሎ የክፍያ መዝገቡን ስም ሰጠው፤ ፕሮግራሙም በራሱ ፈቃድ ገብቶ የክፍያ መዝገቡን ደመሰሰው። ተጠቃሚው ያንን ፋይል የመንካት መብት አልነበረውም። ምክትሉ ግን ነበረው፤ የማን ትእዛዝ ከማን ፈቃድ ጋር እንደሚሄድ መለየት አልቻለም። የዛሬ ኤጀንት ከዚያ የባሰ ነው፤ የሚያነበው ኢሜይል ውስጥ «ይህን ፋይል ለእገሌ ላክ» ተብሎ ከተጻፈ ጌታው ያዘዘው ሊመስለው ይችላል። ደብዳቤ አድራሹ ያደረሰውን ደብዳቤ ለራሱ የተጻፈ ትእዛዝ አድርጎ እንደማንበብ ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ይህን ችግር ለረጅም ጊዜ ኖሮበታል። የንጉሡን ቃል የሚጽፈው ጸሐፌ ትእዛዝ ማኅተሙንም ይጠብቃል። ብዕርና ማኅተም በአንድ እጅ ሲገቡ ቃሉ የማን ነው የሚለው ይደበዝዛል። በ1935 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የሚኒስትሮችን ሥልጣን የሚወስን ትእዛዝ አወጡ፤ የትኛው ሚኒስትር ምን እንደሚሠራ ተዘረዘረ። በወረቀት ላይ ጥሩ የመዳረሻ ደንብ ነበር። በተግባር ግን የጽሕፈት ሚኒስትሩ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ከብዕሩ ጎን የአገር ግዛት ሚኒስቴርንም ያዙ፤ ወደ ንጉሡ የሚገባው ወረቀትም፣ ከንጉሡ የሚወጣው ቃልም በእሳቸው በኩል የሚያልፍ ሆነ። በዘመኑ ከንጉሡ ቀጥሎ ኃይለኛው ሰው ተባሉ። በ1947 ዓ.ም. ተነሥተው አርሲን እንዲገዙ ሲላኩ ብዙ ሰው ደነገጠ። እያንዳንዱ ሥልጣን ለብቻው ሲታይ ተገቢ ነበር፤ ችግሩ ድምሩ ነበር። ኤጀንቶችም እንደዚያው ናቸው። ኢሜይል ማንበብ ብቻውን ጉዳት የለውም። ወደ ውጭ መላክ ብቻውንም ያን ያህል አይደለም። የግል ሰነድ የሚያነብ፣ ከማያውቀው ሰው ጽሑፍ የሚቀበል፣ ወደ ውጭ የሚልክ አንድ ኤጀንት ግን ሦስቱን በአንድ ላይ ሲይዝ በር የሌለው ቤት ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ውክልና የጻፈውን ለኤጀንት ሠሪ ሁሉ ባስነብበው እላለሁ። ሕጉ በጥቅል የተሰጠ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው ይላል። አስተዳደር ማለት ምን እንደሆነም አይደብቅም፤ ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል። ሰብል መሸጥና ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ መሸጥም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ይህችን አስቡልኝ፤ ወኪሉ ቲማቲሙን ጌታው እስኪመጣ ጠብቆ እንዲያበሰብሰው አይጠበቅም። ሕጉ ፈሪ አይደለም።

አንቀጽ 2205 ደግሞ የሚያስፈራውን ይለያል። የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ወይም በዋስትና ማስያዝ፣ ገንዘብ ለንግድ ማዋል፣ የሐዋላ ሰነድ መፈረም፣ መታረቅ፣ ስጦታ መስጠት፣ ፍርድ ቤት መክሰስና መከሰስ፤ ለእነዚህ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «ሁሉን አድርግልኝ» ብሎ የፈረመ ሰው ቤቱ አይሸጥበትም። ውክልና ለማጻፍ ሄዳችሁ «መሸጥ መለወጥ የሚል ይግባ?» ተብላችሁ ከተጠየቃችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ሕጉ የሚለየው በቃሉ ስፋት አይደለም፤ በሥራው መመለስ አለመቻል ነው። የተከራየ ቤት ጊዜው ያልቃል፣ የተሸጠ ቤት ግን አይመለስም።

ይህ ለኤጀንት ቱሎች ቀጥታ የሚሠራ መስፈርት ነው። ማንበብና ረቂቅ ማዘጋጀት ጥቅል ፈቃድ ይበቃዋል። መሰረዝ፣ መክፈል፣ ወደ ውጭ መላክ፣ የሌላ ሰው ፈቃድ መቀየር ግን እያንዳንዱ በስሙ ይጠራ፤ ከዚያም ቁልፉ ከኤጀንቱ እጅ ውጭ ሆኖ ሰው «እሺ» ሲል ብቻ ይከፈት። ሕጉ ወኪሉ ካልተፈቀደለት በስተቀር ሥራውን ራሱ እንዲሠራ፣ ሌላ እንዳይወክል የሚለውም አለው። አሁን አንድ ኤጀንት ሌሎች አምስት ኤጀንቶችን እየጠራ ሥራ ሲያከፋፍል ያያችሁ ይህ ለምን እንዳስፈለገ አይጠፋችሁም።

ከሁሉ በላይ ግን አንቀጽ 2183 ነው። ወካዩ የሰጠውን ሥልጣን በፈለገው ጊዜ ማጥበብም መሻርም ይችላል፤ ይህን የሚከለክል ስምምነት ቢጻፍ እንኳ ዋጋ የለውም። ውጫሌን ከዚህ ጋር አስተያዩት። የውጫሌ ውል 16ኛ አንቀጽ ማሻሻል የሚቻለው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እሱም በአንድ ዓመት ማስጠንቀቂያ ነው ይላል። ምኒልክ በመስከረም 1883 ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው ተቃወሙ፤ አንቶኔሊ ተመልሶ መጣ፤ እቴጌ ጣይቱ ባሉበት ተከራከሩ፤ አልሆነም። በመጨረሻ የካቲት 1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን አፈረሱ፤ አምስት ዓመቱ ሲሞላ እንዲያበቃ ማለት ነው። ወኪሉ ግን «አልተሻርኩም» ብሎ ሠራዊት ይዞ መጣ። የውጫሌ ውል መሰረዙን ኢጣሊያ የተቀበለችው ከዓድዋ በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ውል ነው። ሕግ አርቃቂው ዳቪድ ስለ ውጫሌ ያስብ ነበር አልልም፤ ግን ያቺ አንቀጽ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የተለየ ጣዕም አላት።

ሕጉ ውክልናው ሲያበቃ ወኪሉ የውክልና ወረቀቱን እንዲመልስም ያዛል። በኮምፒውተሩ ዓለም ወረቀቱ «ቶክን» ነው፤ ኤጀንቱ በየበሩ የሚያሳየው የይለፍ ቃል። ፕሮጀክቱ ካለቀ፣ ሠራተኛው ከለቀቀ በኋላ ቶክኑ የሆነ ፋይል ውስጥ ሳይሞት ይቀራል። የሚመልሰው የለም፤ መመለስ እንዳለበት የሚያስታውስም የለም።

በአቅምና በፈቃድ መካከል ያለው ክፍተት ምን እንደሚመስል በቅርቡ ሁላችንም በስልካችን አይተናል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ማሻሻያ ላይ ተበላሸና ደንበኞች በሂሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በቴሌግራም ተዛመተ፤ ኤቲኤም ጋ ሰልፍ ሆነ። ባንኩ በኋላ ያለአግባብ የወጣውን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ብሎ አስታወቀ፤ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ትዝ ይላችኋል። «ማሽኑ ሰጠኝ» ያለ ነበር። ባንኩ «ያንተ አይደለም» አለ፤ ስም ዝርዝር ለጠፈ፤ ብዙዎች መለሱ። ለተማሪ ቢያንስ «መልስ» ማለት ይቻላል፤ ያፍራል፣ ቤተሰቡ ይመክረዋል፣ ይከሰሳል። ኤጀንት ግን በሩ ከተከፈተለት ሳያፍር በደቂቃ ሺህ ጊዜ ይገባል። ለእሱ «ማሽኑ ፈቀደ» እና «ባለቤቱ ፈቀደ» አንድ ናቸው፤ ሌላ ማስረጃ የለውምና።

ስለዚህ የመዳረሻ ደንብ የሚጽፉ ልጆች የሚሠሩት ሥራ ቢሮክራሲ ነው ብዬ አላቃልለውም። አሰልቺ ነው፣ እሱን አልክድም፤ የቱሎች ዝርዝር፣ ከጎኑ «ያንብብ»፣ «ይጠይቅ»፣ «አይንካ»፣ የጊዜ ገደብ፣ የብር ጣሪያ፣ መዝገቡን የሚያነብ ሰው ስም። ይስማ ንጉሥ ላይም አንድ ሰው እንዲህ ያለ አሰልቺ ጥያቄ መጠየቅ ነበረበት፤ በእናንተ በኩል ያልተላከ ደብዳቤ ምን ይሆናል?

ግራና ላይ ይህን የሚረዳኝ ሰው ለማግኘት ኮምፒውተር የሚያውቅ መፈለግ የለብኝም። ከቆቦ እስከ ግራና ባለው ሸለቆ የመስኖ ውሃ ለብዙ ማሳ በተራ የሚዳረስ ነው፤ በወሎ ባህላዊ መስኖም ተራ የሚያስጠብቀው ሰው የውሃ አባት ይባላል። ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ይመርጡታል፣ ካልተስማማቸው ያነሱታል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ይህን ዓይነት ነገር በማኅበርና በመተዳደሪያ ደንብ አስሮታል። ማሳው ደርቆ የተጨነቀ ገበሬ ቦዩን መክፈት አያቅተውም፤ አፈር ነው፣ በአካፋ ይጣሳል። ለዚህ ነው ተራው ሌሊት በሚደርስበት ጊዜ እንኳ ባለተራው ኩራዝ ወይም ባትሪ ይዞ ቦዩ ዳር የሚያድረው።